የክብሮም ገጽና የኦቦ ቦሩ በሬ

ክብሮም አንድ ሥራ ሲጀምር ማየት ደስ ይላል። ሲጨርስ ያየ ሰው ግን እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ነጌሌ ውስጥ አልነበረም።

ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። ሰነፍ ሰው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፤ ክብሮም መሃል መንገድ ሲደርስ ወደ መነሻው ይመለሳል። ተማሪ ሳለን እኛ የፈተናውን ሁለተኛ ገጽ ስንገልጥ እሱ የመጀመሪያውን መልስ በላጲስ አጥፍቶ ባማረ እጅ ጽሑፍ ይገለብጥ ነበር። ካደገ በኋላ በእናቱ ግቢ ጥግ አንዲት ክፍል መሥራት ጀመረ። ሦስተኛውን ግድግዳ ሲያቆም የመጀመሪያው የጣት ያህል ማዘንበሉን አየና አፈረሰው። የመጀመሪያውን ሲያቃና ሁለተኛው አላምር አለው። እናቱ እማማ እልፍነሽ እንግዳ በመጣባቸው ቁጥር ወደ ጥጉ እየጠቆሙ «መሠረቷን እዩልኝማ፤ እንዲህ ያለ መሠረት ባንክ ቤትም የለው» ይሉ ነበር። ጣሪያ ስለሌላት ዶሮ እንኳ አያድርባትም።

ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ሁለታችንም የተወለድነው ጦር ሰፈሩ አጠገብ በተደረደሩት የወታደር ቤቶች ነው። የኔ አባት ከጎጃም፣ የሱ አባት ከትግራይ መጥተው እዚያ ቆላ ውስጥ ጎረቤት ሆኑ። የሱ አባት ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ ሥራቸው የወታደሩን አልጋ መመርመር ነው። ብርድ ልብሱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል መታጠፉን በሲባጎ ይለኩ ነበር። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጦሩ ሲበተን የሰፈራችን አባቶች መለዮአቸውን አውልቀው በሰው ኮት እየመጡ ገቡ። አንዳንዶቹ አልመጡም። ሃምሳ አለቃ መጡ፤ ግን የሚመረምሩት አልጋ አልነበረም። ስለዚህ የኛን የልጆቹን አልጋ መዞር ጀመሩ። ማለዳ ሲባጎአቸውን ይዘው በራችን ላይ ሲቆሙ እናቴ «ይግቡ ሃምሳ አለቃ፤ ዛሬስ አላሳፍርዎትም» ትላቸው ነበር። አንድም ቀን ሳቅ ብላ አታውቅም። ዛሬ ያቺን ማለዳ ሳስብ የሚደንቀኝ ሲባጎው ሳይሆን የእናቴ ፊት ነው።

ክብሮም ሲያድግ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንዲት ኢንተርኔት ቤት ከፈተ። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ፣ መስመሩ ቀርፋፋ ነበር፤ ሰው አንድ ገጽ ከፍቶ እስኪመጣለት ውጭ ወጥቶ ጫማውን ያስጠርግ ነበር። እዚያ ተቀምጦ ድረ ገጽ መሥራትን በራሱ ተማረ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ድረ ገጽ ከፊት ሲያዩት ጽሑፍና ሥዕል ነው። ከኋላው ግን ኮድ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ይህ ይድመቅ፣ ያ እዚህ ይጀምር፣ እዚህ ያብቃ የሚል። ኮዱ ዓለም የተስማማበት ሕግ አለው። የተከፈተ ምልክት መዘጋት አለበት፤ ውስጥ የተከፈተው ውጭ ካለው ቀድሞ መዘጋት አለበት፤ እንዲህ እንዲህ ያለ።

አንድ ቀን ክብሮም ኮድ አንብቦ ስህተቱን በየመስመሩ የሚናገር መመርመሪያ ገጽ አገኘ። የፈለጉትን ድረ ገጽ አድራሻ ይሰጡታል፤ ጥፋት ካገኘ ቀይ፣ ካላገኘ አረንጓዴ ያሳያል። የነጌሌ ወጣት በኢንተርኔት ዲቪና የኳስ ውጤት ሲያገኝ ክብሮም አባቱን አገኘ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። የማንንም ገጽ ሲከፍት ጽሑፉን አያነብም፤ ወደ መመርመሪያው ነው የሚወስደው። ጓደኞቹ ስለ አንድ የዜና ገጽ ቢያወሩለት «እሱማ ሠንጠረዡ አልተዘጋም» ይላል። ለአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስለ ገጹ ኮድ «በገጻችሁ ላይ ሁለት አካል አንድ መለያ ይዘው ስለሚገኙ ከአክብሮት ጋር» ብሎ ጽፎ ነበር። መልስ መጣለት። «አቤቱታዎን ተቀብለናል፤ የሁለቱን ግለሰቦች ሙሉ ስም ይላኩልን» ይላል። ያን መልስ በወረቀት አትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፎት አይቻለሁ፤ በኩራት ይሁን በንዴት አልገባኝም።

ቤተልሄምን ያገኘው እዚያው ቤት ነው። በወንጌላውያኑ ጸሎት ቤት ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር፤ የመጣችው የፈተና ወረቀት ልታሳትም ነው። ክብሮም የጥያቄ ቁጥሮቹ እኩል አለመሰለፋቸውን ነግሯት ማስተካከል ጀመረ። ቁጥሮቹ ሲሰለፉ ኅዳጉ ጠማማ መሰለው። ፈተናው በማግስቱ ሊሰጥ ግድ ሆነ። እሷ ግን የኔ ብላ የያዘችውን ነገር እንዲህ ተጠንቅቆ የያዘላት ሰው አይታ አታውቅምና በሳምንቱ ሌላ ፈተና ይዛ መጣች። ተማሪዎቿ በዚያ መንፈቅ ያለ ጥፋታቸው ብዙ ተፈተኑ።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ ወልደየሱስ ከወላይታ ሶዶ በወጣትነታቸው መጥተው በሚሲዮኑ ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዲጨርሱ በመለመን፣ በመቆጣትና በበቅሎ ተከትሎ በመሄድ ነው። ከዚህ ሥራ አንድ እምነት ይዘው ወጡ።

«መድኃኒቱን ያልጀመረ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው» ይላሉ። «ጀምሮ ያቋረጠው ግን በሽታውን ከመድኃኒቱ አላምዶ ለጎረቤት ያወርሳል። እኔ ጀማሪ እፈራለሁ።»

የልጃቸውን ነገር ሲሰሙ ቤተልሄምን አስቀመጧት።

«ይህ ልጅ ቤት ጀምሯል» አሏት። «በጸሎት ቤታችን የጥምቀት ትምህርት ጀምሯል፤ ምዕራፍ አንድ አልገባኝም እያለ እየተመለሰ። ትዳርም ይጀምራል፤ መጀመሩን አልጠራጠርም።»

«አባዬ፣ እርስዎ ራስዎ ጠንቃቃ ሰው ይወዳሉ።»

«ጠንቃቃ ሰው እወዳለሁ። አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ጨርሶ ‹ጨርሻለሁ› ብሎ እጁን ያንሳልኝ። ያን ቀን ሽማግሌ ይላክ። አለዚያ የሻኪሶዎቹ መልስ ሊሰሙ በጳጉሜ ይመጣሉ።»

የሻኪሶዎቹ ማለት ቤተልሄምን ለልጃቸው የጠየቁ የአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ቤተሰቦች ናቸው። ባለሙያው ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ ጣሪያውን አልብሶ ነበር።

የዚያን ጊዜ ክብሮም እጅ ላይ የነበረው ሥራ የከብት ነጋዴዎች ማኅበሩ ድረ ገጽ ነው። ማኅበሩን የሚረዱ ድርጅቶች ገጹ የዓለምን ደንብ ያሟላ ይሁን፣ ዓይነ ስውርም ሊጠቀምበት የሚችል ይሁን ብለው ነበር፤ በነሐሴ የመጨረሻ ቅዳሜ በማኅበሩ ግቢ መጥተው ሊያዩት ነው። እኔ ለዕረፍት ነጌሌ ነበርኩ። ለሌላው አገር ክረምት ነው፤ ለነጌሌ ብርድ ያለው አቧራ። ክብሮም ያገኘኝ መንገድ ላይ ነው። ሰላም ሳይለኝ «ቀይ አለ» አለኝ።

«ብዙ?»

«ሲጀመር የአጋዘን መንጋ ነበር። አሁን እየሳሳ ነው።»

በየቀኑ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ቦሩም ይመጣሉ። ረጅም ናቸው፤ ቦረና ውስጥ በከብት አዋቂነታቸው የሚጠሩ ሰው። ገብተው «አካም፣ ናጋ?» ይላሉ። እኛ «ናጋ» እንላለን፤ ሰላም ማለት ነው። «ሰውስ ናጋ? ከብትስ ናጋ? ዝናብስ?» ይላሉ። ሁሉም ናጋ መሆኑ ሲረጋገጥ ኮምፒውተሩን በከዘራቸው ይጠቁማሉ። «እሱስ?»

«እሱ ገና ነው ኦቦ ቦሩ። ስህተት አለበት።»

«ማን ነው የሠራው ስህተቱን?»

«እኔ።»

«እና ለምን ሠራህ?»

ክብሮም ተቸግሮ በበረት አስረዳቸው። «በረት ከፍተው ከብት ካስገቡ በኋላ ይዘጋሉ አይደል? ኮድም እንደዚያ ነው። ከፍቼ ያልዘጋሁት አለ።»

ኦቦ ቦሩ ከራስ እስከ እግሩ አዩት። «አንተ ከብት የለህም፣ ሚቲ?» አሉት፤ አይደል ማለታቸው ነው።

«የለኝም።»

«ደግ ነው» ብለው ወጡ።

ቀዩ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ። ከገጹ አናት ላይ የኦቦ ቦሩ በሬ ፎቶግራፍ አለ። ደንቡ ማንኛውም ሥዕል ማየት ለማይችል ሰው በጽሑፍ የሚነግር መግለጫ ይኑረው ይላል። መግለጫው በኮዱ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚያይ ሰው አያየውም፤ የማያይ ሰው ይነበብለታል። ሥዕሉ ሳይመጣ ከቀረም በቦታው ጽሑፉ ይወጣል። ክብሮም «በሬ» ብሎ ጽፎ ሥራውን መጨረስ ይችል ነበር። መመርመሪያው በዚያ ይረካል። ሕይወቱን ሁሉ ያልቻለውን ነገር በሁለት ፊደል ይችል ነበር።

ግን ጠየቀ። ኦቦ ቦሩን «በሬውን እንዴት ልግለጸው?» አላቸው።

ይህን ጥያቄ የቦረና ሰው የማይጠይቀው በምክንያት ነው። ስለ ከብት የተጠየቀ ሽማግሌ ከእናቲቱ ይጀምራል።

ኦቦ ቦሩ በማግስቱ ኦቦ ዲዳን ይዘው መጡ። ኦቦ ዲዳ ዓይናቸውን በወጣትነታቸው ያጡ አዛውንት ናቸው፤ በገበያ ከብትን በእጃቸው ዳስሰው ዕድሜውንና ጠባዩን ይናገራሉ። ሐሜተኞች የዋሸውን ባለቤትም ዳስሰው ያውቃሉ ይላሉ። ክብሮም ደንቡን ሲያብራራላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህን ሕግ ያወጣው ማነው?» አሉ።

«ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው።»

«እና ዲዳ እዚህ እንዳለ ማን ነገራቸው?»

«ለርስዎ ብቻ ሳይሆን...»

«ተወው፣ ገብቶኛል» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ስለሆንኩ የምሰማው፣ እኔ ነኝ የምመረምረው። ምን ብለህ ጽፈሃል?»

«በሬ።»

ኦቦ ዲዳ ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠጉ። «በከብት ነጋዴ ገጽ ላይ አህያ ሊኖር ነው ብዬ መች ጠረጠርኩ?» አሉ።

ክብሮም አጠፋው። ዓይኑ ላይ ያየሁት ነገር አስፈራኝ፤ ደስታ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት ቤቱ ሸንጎ ሆነ። ክብሮም ያነባል፤ ኦቦ ዲዳ ይጥላሉ። «ዳለቻ ነው» ቢል «የዝናብ ደመና ነው ወይስ የአመድ?» ይሉታል። ሻኛው ትልቅ ነው ቢል «ሲራመድ ወዴት ይጋደላል?» ይሉታል። ኦቦ ቦሩ ስለ እናቲቱ ሊናገሩ ሲጀምሩ ሌላ ሽማግሌ ያቺ እናቱ ሳትሆን አክስቱ ናት ብሎ ይነሳል። ከፊልቱ በግመል ንግድ የምትመላለሰው ሀሚዳ ጥግ ላይ ሆና የስልክ ካርድ ስትፍቅ «በሬ፣ በሬ፣ በሬ» አለች። «ግመል የሚባል ፍጥረት አላህ አልፈጠረም?»

«ግመል ገጽ ሲሠራለት ይገለጻል» አላት ክብሮም።

«አንተ ልትሠራው? ያኔ ግመሉም እኔም የለንም።»

ቤተልሄም አንድ ከሰዓት ወደ ውጭ ጠራችኝ። ከበሩ ላይ ሆና ወደ ውስጥ እያየች «ንገረው» አለችኝ። «ነሐሴ እያለቀ ነው። ‹በሬ› ብሎ ይተወው።»

«አንቺ ንገሪው።»

«ነግሬዋለሁ። ‹ኦቦ ዲዳ አያዩትማ› አለኝ።» ከንፈሯን ነከሰች። «የሚያናድደኝ ትክክል መሆኑ ነው።»

ያ ገጽ ዛሬ የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከኢንተርኔት ላይ ጠፋ፤ ኢንተርኔት ቤቱም የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። እኔ ግን በመጨረሻ ኦቦ ዲዳ ጭንቅላታቸውን የነቀነቁለትን መግለጫ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ እንዲህ በቃሌ የቀረ የለኝም።

«ይህ የኦቦ ቦሩ በሬ ነው። መልኩ የዝናብ ደመና ዳለቻ፣ ግንባሩ ቦቃ። ሻኛው ሲቆም ቀጥ፣ ሲራመድ ወደ ግራ ጋደል ይላል። የግራ ቀንዱ ወደ ፊት ቆልመም ብሏል፤ የቀኙ ‹ቆይ› እንደሚል ሰው እጅ ወደ ላይ ቀርቷል። እናቱ በድርቁ ዓመት ከሜጋ በእግሯ መጥታ መንገድ ላይ ወለደችው። ጥጋበኛ ነው፤ ሰው ሲያየው ፊቱን ያዞራል። አሁን ከግራሩ ሥር ቆሞ ወደ ውሃው ጉድጓድ እያየ ነው። ጠምቶት አይደለም፤ ማን እንደመጣ ለማወቅ ነው።»

ኦቦ ዲዳ ይህ ሲነበብላቸው «ኤዬ» አሉ፣ አዎ ማለታቸው ነው። ዓርብ ከሰዓት ነበር። ክብሮም ወደ መመርመሪያው ሊልከው ሲል መስመሩ ሄደ።

ቅዳሜ በማኅበሩ ግቢ ሸራ ተወጠረ። ጄኔሬተርና ፕሮጀክተር መጡ። አቶ ወልደየሱስ ከክሊኒኩ ነጭ አንሶላ አውሰው ነበር፤ ገጹ በሱ ላይ ሊታይ ነው። እሳቸውም ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለቱ እንግዶች ቶሎ ስለሚመለሱ ምሳው ቀድሞ ቀረበ። ሥጋ ነው፤ ጥብስም ቅቅልም፤ በነጌሌ ዕድሜዬ እንዲያ ያለ ሥጋ አልበላሁም። ሰው ሁሉ አጥንት እንደያዘ ወደ አንሶላው ዞረ።

ክብሮም ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ገጹን ከፈተ። ርዕሱ መጣ። የአባላቱ ስም መጣ። የበሬው ፎቶግራፍ ግን በዚያ መስመር የሚመጣ አልሆነም፤ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቆየና በሳጥኑ ውስጥ የኦቦ ዲዳ ጽሑፍ ብቅ አለ።

ከእንግዶቹ አንዷ «ሥዕሉ ተበላሸ?» አለች።

«አልተበላሸም» አለ ክብሮም። «መግለጫው ነው። ቤቲ፣ አንቢላቸው።»

ቤተልሄም ተነስታ አነበበች። አስተማሪ ናትና ድምፅዋ እስከ አጥሩ ይሰማል። ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ የሚያኝክ ሰው አልነበረም። ኦቦ ዲዳ በእያንዳንዱ ማብቂያ «ኤዬ» ይላሉ፤ ቀስ በቀስ ሌሎቹ ሽማግሌዎችም «ኤዬ» ማለት ጀመሩ፤ «ማን እንደመጣ ለማወቅ ነው» ላይ ስትደርስ ግቢው ሁሉ «ኤዬ» አለ። እንግዶቹም አሉ።

ክብሮም አድራሻውን ለመመርመሪያው ላከ። መስመሩ አሰበ፣ አሰበ። አንሶላው ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።

ክብሮም ተነሳ። ወደ አቶ ወልደየሱስ ዞረና ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አነሳ፤ ፖሊስ ያስቆመው ሰው ይመስል ነበር።

«ጨርሻለሁ» አለ።

አቶ ወልደየሱስ መነጽራቸውን አስተካክለው አረንጓዴውን አዩ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሀሚዳ ከኋላ ተነሳች።

«ኦቦ ቦሩ» አለች፣ «እኔ በሬ አልወድም። ይህን ግን እወስደዋለሁ። ያምጡትና ልየው።»

ኦቦ ቦሩ ወደ መሬት አዩ። «ይዘሽዋል» አሉ።

«ምኑን?»

«ጎኑን።»

ሀሚዳ እጇ ላይ ያለውን አጥንት አየች። ሁላችንም የየራሳችንን አየን።

«ምን ላድርግ?» አሉ ኦቦ ቦሩ፤ ጥፋተኛ አይመስሉም ነበር፣ ያዘኑ ነው የሚመስሉት። «ስሙ እስከ አሜሪካ ሊነበብ ነው። ይህን የመሰለ በሬ እያለው ለእንግዳው ከሲታ አረደ ልባል? ማለዳ ራሴ ነኝ ያወጣሁት። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ።»

ወዲያው ወደ ክብሮም ዞርኩ። ፊቱ አረንጓዴው ሳይመጣበት እንደነበረው አንሶላ ነጥቷል። መግለጫው ቆሞ ውሃ እያየ ነው ይላል፤ በሬው ድስት ውስጥ ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች ወደ ኮምፒውተሩ ሲሄዱ አየሁ። ቤተልሄምም አየች። ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም። ክብሮም ተቀመጠና ሁለቱንም እጆቹን ከመቀመጫው ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው።

አቶ ወልደየሱስ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ቆሟል ይላል» አሉ። «ከግራሩ ሥር።»

«አዎ ጋሼ» አለ ክብሮም።

«አልቆመም።»

«አልቆመም ጋሼ።»

«እንግዲያ ክፈተውና አስተካክለው።»

«አልከፍተውም ጋሼ። ጨርሻለሁ።»

«ውሸት ተጽፎ እንዴት ይቀመጣል?»

«መመርመሪያው አረንጓዴ ብሏል።»

«መመርመሪያው በሬውን አልበላም» አሉ አቶ ወልደየሱስ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «እኔ በልቻለሁ። ክፈተው ነው የምልህ።»

ክብሮም እምቢ ሲል ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እጆቹንም ከሥሩ አላወጣም። ያን ጊዜ ቤተልሄም ስታነብ የቆመችበትን ትታ ወደ አባቷ መጣች።

«አባዬ፣ እሱ ጨርሶ ነበር» አለች።

«አይቻለሁ።»

«እጁንም አንስቷል።»

«አይቻለሁ አልኩሽ።»

«አሁን እንደገና ይከፈት የሚሉት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ወልደየሱስ መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ጊዜ ኦቦ ቦሩ ኦቦ ዲዳን በክንድ ይዘው ብድግ አሉ። አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«እኛ ሽማግሌ ነን» አሉ። «ስለዚህ ልጅ መጥተናል።»

«አሁን?» አሉ አቶ ወልደየሱስ። «ሽማግሌ በማለዳ ነው የሚላከው።»

«እኛ በማለዳ ነው የወጣነው። ያየኸው ሥራ ይዞን ቆየን።»

«የሻኪሶዎቹስ? ለሰዎቹ ጳጉሜ ብያለሁ።»

ኦቦ ዲዳ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «እነሱ ስለ በሬ ምን ጻፉልህ?» አሉ።

እንግዶቹ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር፤ ግን አልተነሱም። አቶ ወልደየሱስ ልጃቸውን አዩ፣ አረንጓዴውን አዩ፣ ሰሐናቸው ላይ የቀረውን አዩ። ከዚያ ወንበራቸውን አንስተው ከክብሮም አጠገብ አስቀመጡት።

«ሽማግሌዎቹን ሰምቻለሁ» አሉ። «ደግ ነው፤ ይሁን። በሬው ግን እንዲህ ሆኖ አያድርም። ጻፍ።»

«ምን ተብሎ?» አሉ ኦቦ ቦሩ ተቆጥተው። «ተበላ ተብሎ? በኔ ገጽ ላይ?»

«ነበረ ይበል» አለ አንድ ሽማግሌ።

«የተጻፈው እንዳለ ይቀመጥ፤ ጣዕሙ ብቻ ይጨመር» አሉ ኦቦ ዲዳ። «ሕጉ የኔ ነው።»

ክብሮም እጆቹን ከሥሩ አወጣ። ሊጽፍ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዙለትም። ደንዝዘው ነጭ ሆነዋል።

«አምጣ» አሉ አቶ ወልደየሱስ። እጆቹን ተቀብለው በሁለት መዳፋቸው መሃል ያሹአቸው ጀመር፤ የሕሙማንን እንደሚያሹት፣ ከአንጓው ወደ ጫፉ። «ቀስ በል። ደም እየተመለሰ ነው። ሲነዝርህ ንገረኝ። ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ ዛሬ የትም አልሄድም።»